ቆሮሶ ፊት

ከጊዮርጊስ አጥር ማዶ፣ ዘንባባው ካጠላበት፣
አንድ ሰሌዳ ቆሟል፣ መቶ ዓይን የተሰካበት፤
ጥቁር ዓይን፣ ቡናማ ዓይን፣ የተርብ ዓይን ያከለ፣
አንዱ እኔን ሲመለከት፣ አንዱ ሐይቁ ላይ የተተከለ።

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣
ክር ስቀጥል ኖርሁ ስል፣ ዓይኔን ፈትያለሁ ለካ።
ሐኪሙ «ከፀሐይ ሽሺ፣ ጥቁር መነጽር አድርጊ» አለ፤
ቅርጹ ምን ይሁን ግን አልነገረኝ፤ ወረቀቱም ላይ የለ።

ለዓይኔ ብዬ መጣሁ፤
ለፊቴ ብዬ ቆየሁ።

አትርሳው ይባላል፣ የሰሌዳው ጌታ፤
ፂሙ ገና ያልበቀለ፣ ምላሱ የበረታ።
«እትዬ፣ ፊት ማለት» አለኝ፣ አገጬን በዓይኑ ለክቶ፣
«እንደ ዓሣ ነው፤ ይለያል፣ በዘር በዘር ተከፋፍቶ።
አምባዛ ፊት አለ፣ ከላይ የሰፋ፣ ወደ አገጩ የሳሳ፣
ለእሱ ታች ታቹ የከበደ፣ ላይ ላዩ የማይነሣ፤
ታንኳ ፊት አለ ደግሞ፣ ረጅም፣ ጫፉ የሾለ፣
ለእሱ ሰፊ መስኮት ነው፣ ግማሽ መንገድ የከለለ፤
የሳንዱቅ ፊት፣ መንጋጋው ማዕዘን፣ ክብ ነው መድኃኒቱ፣
እሱ የሹም ፊት ነው፤ በብር አይከራከርም፣ እንዳይጎዳ ኩራቱ።
ያንቺ ግን. . .»

ዝም አለ። ዝምታውን አውቀዋለሁ።
«ሙልሙል» ነበር ስሜ፣ ሰፈር ስጫወት ገና፤
ባሌም ሲያጫውተኝ «ጨረቃዬ» ይለኝ ነበርና፣
ጨረቃ የሞላች ለት ነው፣ መተማ ብሎ የሄደው።
ለዚህ መነጽር የለም፤
ዝም ብሎ ነው የሚለመደው።

«ቆሮሶ ፊት ነሽ!» አለኝ በመጨረሻ፣ ደፍሮ፣
«ክብ በክብ ላይ አይሄድም፣ ያስመስላል ከበሮ፤
ላንቺ ማዕዘን ያለው፣ ቅንድብሽን የሚያሻቅብ፣
ጉንጭሽን ወደ ላይ ጠርቶ፣ ዙሪያሽን የሚሰበስብ።»

ቆሮሶ! አልከፋኝም። ከአምባዛ ይሻላል፤
ሐይቅ ዳር ያደገ ሰው ዋጋውን ያውቃል።

መስታወት ሰጠኝ፣ ከተገለበጠ ባጃጅ የተነቀለ፣
ግማሽ ጉንጭ የሚያሳይ፣ ሌላው ስንጥቅ ውስጥ የዋለ።
ዘወር ሳደርገው ቅንድብ፣ ዘወር ሳደርገው ከንፈር፤
ሙሉውን የሚያየኝ እሱ ብቻ ነበር።

አንደኛው አስመሰለኝ የበረሃ ሽፍታ፤
ሁለተኛው ደላላ አደረገኝ ለአፍታ፤
ሦስተኛውን ሳጠልቅ፣ አንዲት አላፊ ሴት ቆማ አይታ፣
«ማን ሞቶብሽ ነው?» አለችኝ።

አራተኛውን ሲሰካልኝ ዝም አልሁ።
የማር ቀለም ጠርዝ፣ ጥጉ ወደ ላይ የዘመመ፣
ከዓይኔ ሥር የከተመውን የማታ ፈረቃ ሸፍኖ ያስታመመ።
«አሁን ሣቂ» አለኝ፣ «በኩርፊያ መነጽር አይመረጥም።»
ምን ያሥቃል? ብዬ ሣቅሁ። ሣቅ ደግሞ ደጅ አይጠናም።
ጉንጬ ተነሥቶ መነጽሩን ወደ ቅንድቤ ገፋው፤
የለካው፣ የቀመረው ሁሉ፣ በአንድ ሣቅ ጠፋው።
አንገቱን አከከ አትርሳው።
«ለሚሥቅ ፊት ቅርጽ» አለ፣ «እኔም ገና አልተማርሁ።»
አራት መቶ ያለውን፣ በሁለት መቶ ሰማንያ ወሰድሁ።

ወደ ውሃው ወረድሁ።
ጣና ማር መሰለ፤ ጀልባው፣ ሻላው፣ ዘንባባው፣
እምቦጩ ሳይቀር አማረ፣ የተዘራ ማሳ ይመስል ጠርዙን ከቦ ሲያየው ሰው።
ያም ክብ ፊት ነው፤ ዳርቻው ማዕዘን የሌለው፤
ያንን አረንጓዴ ሲያጠልቁለት፣ ማን ነው «ያምርብሃል ወይ?» ያለው?
መስታወትስ ማን ያዘለት?

አንድ ፎቶ አንሺ ሙሽሮቹን «ፈገግ! ፈገግ!» እያለ፣
ወደ ኋላው ሲሄድ፣ ሲሄድ፣
እስከ ጉልበቱ ሐይቁ ውስጥ ዋለ።

ሣቅሁ እንደገና።
መነጽሩ ተነሣ፤ ከሥሩ ቀጭን ብርሃን ሾለከ፣
ያ ሐኪሙ «ሽሺው» ያለኝ።
አልመለስሁትም ወደ ቦታው።
ትንሽ ልይበት ብዬ ተውሁት።